በሚዛኔ ላይ የቀረው ሰምህ

ለዓለሜ ለአስማረ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የሰው ጤና ይጠየቃል። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? እንግዲያው የኔን ልንገርህ፤ እኔ ደህና ነኝ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። በመጀመሪያው ክረምት ልጽፍልህ ተቀምጬ፣ ስምህን ከጻፍኩ በኋላ አላስችል ብሎኝ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። ዘንድሮ ግን የምነግርህ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ሞተርህ ተነሣ፤ ወፍጮአችን ይፈጫል።

አውቃለሁ፣ አሁን ማን ፈታው፣ ማን ገጠመው፣ ምን አስገባችሁበት እያልክ ልታጣድፈኝ ነው። ታገሥ። አንተ ወሬን ከመሀሉ ጎትተህ ማውጣት ትወዳለህ፤ እኔ ከጫፉ ካልጀመርኩ ይጠፋብኛል። ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግምበት ነበር፤ ለሞተር ጉዳይ መዋሉን ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ።

መጀመሪያ የቤቱን። የወፍጮ ቤቱን ክዳን በቆርቆሮ አስለወጥኩት፤ ዝናብ ሲመጣ ከሞተሩ ብሶ ይጮኻል። ናፍጣ ስታመላልስ የኖረችው ግራጫ በቅሎህ አርጅታለችና አሳርፌያታለሁ፤ አሁን ሥራዋ የሰው አጥር ማፍረስ ነው። ልጃችን አልማዝ ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት ገብታለች። ሞተር ስትፈታ የምታንጎራጉረውን ያንን ዜማው የተበላሸ መዝሙር ለጓደኞቿ ብታሰማቸው ሳቁብኝ ብላ አኩርፋ መጣች። ዜማው እውነትም የተበላሸ ነው፤ ግን አልነገርኳትም። ዓርብ ዓርብ ገበያው እንደ ድሮው ነው፤ ከስማዳ የሚመጡት ዛሬም ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ከሁሉ ኋላ ይሄዳሉ። እኔም ጥጤንና በርበሬዬን ይዤ፣ ሚዛኔን አንጠልጥዬ፣ በዚያችው ቦታዬ እቀመጣለሁ።

የሞተሩ ነገር እንዲህ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ዓርብ፣ ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተራ እንደያዙ፣ ሞተሩ አንዴ ጓ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ደብረ ታቦር አብሮህ ሲሠራ ወደ ነበረው ወደ ጌታሁን ሰው ላክሁ። መጥቶ ፈታው። አንዱ ፒስተን ተሰንጥቋል፤ ያንን ፒስተን ከሥር የሚይዘው ክንድ፣ እናንተ ቢዬላ የምትሉት፣ ጎብጧል። ሌሎቹም ቢዬላዎች አርጅተዋል አለኝ።

ዘመድ ሁሉ ሽጪው አለኝ። ሴት ብቻዋን ከሞተር ጋር ምን ያታግላታል አሉ። ከእስቴ አንድ ነጋዴ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ ብረቱን ለብቻ ድንጋዩን ለብቻ እወስደዋለሁ አለኝ። አዲስ እህል እስኪገባ ታገሠኝ አልኩት። እስከዚያ ካልተነሣ እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ወፍጮው ከሄደ አልማዝ ከትምህርቷ ትመለሳለች፤ እኔም እሷም፣ ያ ሁሉ የአገር ሴትም፣ ተመልሰን በእጅ ወፍጮ ላይ እንጎነበሳለን። የኔ ወገብ ያንን ዘመን አልረሳውም።

ያኔ ነው አንተን በሐሳቤ ይዤ ወደ ኋላ የሄድኩት። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ካሚዮን ገደል አፋፍ ላይ ያገኘኸው ጊዜ ትዝ ይልሃል? ጎማውን ሰው ለጫማ ቆርጦ ጨርሶታል፤ አንተ ግን ሆዱን ከፍተህ ሞተሩን አየህና እንደ ሙሽራ ፊትህ በራ። የአገሩ ሰው በወሳንሳ ተሸክሞ፣ እየተቀባበለ፣ እየዘፈነ አርብ ገበያ ከተማ አገባው። አብዛኛው ሰው የሚሸከመው ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ ለአስማረ ነው ከተባለ ይበቃው ነበር።

ሞተሩ ግን ለወፍጮ የተሠራ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ማዞር አለበት፤ የከፍታችን አየር ስስ ስለሆነ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከነበረው አጠንክሬ ልሥራው ብለህ ጎንደር ወረድክ። ባለሱቁ አናታቸው ጉብ ያለ፣ የሚያብረቀርቁ ፒስተኖች አወጣልህ፤ አየሩን አብዝተው ስለሚጨምቁ ጉልበት ይሰጣሉ። አንተ ግን እነሱን ትተህ ወፍራም ቢዬላና ተራ ፒስተን ገዛህ። ተመልሰህ መጥተህ ገበሬዎቹ ለምን ብለው ሲጠይቁህ ያስረዳሃቸውን እኔ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ፒስተኑ በሬው ነው አልክ፣ እሳቱ ሲነካው ይገፋል። ቢዬላው ሞፈሩ ነው፣ ግፊቱን ተሸክሞ ወደ ሥራው ያደርሳል። በሬው ጎልብቶ ሞፈሩ ከቀጠነ እርሻው መሀል ቆማችሁ ትቀራላችሁ አልካቸው። ሁሉም ገባቸው፤ እኔም ገባኝ። ኋላ ሞተሩ ሲዘገይ ያሾፉብህ ነበር፤ አንተ ግን ዘግይቶም ቢሆን እየፈጨ ነው ትላቸውና ታልፋለህ።

የሚዛኑን ነገር ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም። እናቴ የጎደለ ሚዛን ይዤ በእግዚአብሔር ፊት እንዳልቆም ትልና፣ የመመዘኛው ድንጋይ ከሚቀመጥበት ሳህን ሥር የእንቁላል አስኳል የምታህል ሰም ትለጥፍ ነበር። በዚያ የተነሣ ሚዛኑ ሁልጊዜ ትንሽ ለገዢው ያደላል፤ ገዢ መርቂልኝ ብሎ ሳይለምን ምራቂው ገብቶለታል። እኔም ሚዛኑን ከእሷ የወሰድኩት ከነሰሙ ነበር። ቤት ውስጥ ይህን የማያውቅ አንተ ብቻ ነበርክ።

ታዲያ አራቱ ፒስተኖች ክብደታቸው እኩል ካልሆነ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል ብለህ፣ እኔ ማርያም ልስም በሄድኩበት፣ ሳትጠይቀኝ ሚዛኔን አወረድከው። ቀላሉን ፒስተን በድንጋዩ ሳህን ላይ አስቀምጠህ፣ ሌሎቹን አንድ በአንድ በወዲያኛው እያኖርክ፣ ከባዱን በሞረድ እየሞረድክ እኩል አደረግኋቸው አልክ። ቢዬላዎቹንም እንዲሁ። ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ! እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ። ከግድግዳው ጭቃ ረገፈ፣ ወንፊቱ ወደቀ። ሴቶቹ ጠበል ይረጭ አሉ፤ ቄሱም መጥተው ረጩት፤ ሞተሩ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። አንተ ፈትተህ ብታይ፣ ገጥመህ ብታይ ምንም አጣህ። ከጭንቀትህ የተነሣ ምግብ እንኳ አልበላ አለህ።

ለገበያ ሚዛኔን ላወርድ ስል ሳህኑ በሞተር ቅባት ተለውሶ አገኘሁት። አንተ ሰውዬ፣ ሰሙን አንሥተህ ነው ወይ የመዘንከው ብልህ የምን ሰም ብለህ ሳህኑን ገለበጥከው። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። እኔማ መቆም አቅቶኝ መሬት ተቀመጥኩ። ጎንደር ድረስ ወርዶ የተመረጠው ብረት፣ መመዘኛ ካደረግከው በቀር፣ ሁሉም የገበያ ምራቂ ተጨምሮበት ተገጥሟል! ሌላ ሰው ቢሆን ሚዛኑን በወረወረብኝ ነበር። አንተ ግን ሰሙን ላጥክ፣ እንደገና መዘንክ፣ ያንን ሰም ደግሞ በመዳፍህ አሙቀህ መልሰህ ለጠፍክልኝ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ሞተሩን ስትፈታ፣ ከደጃዝማች ቤት ዕቃ እንደሚዋስ ሰው እጅ ነሥተህ ሚዛንሽን ታውሺኛለሽ ወይ ትለኝ ነበር። እኔም ለራሴ ትልቅ ሰው መስዬ እሰጥህ ነበር። አጠገብህ ቁጭ ብዬ አንተ ስትሞርድ እኔ ሚዛኑን እይዛለሁ። የቢዬላውን አንዱን ጫፍ በገመድ አንጠልጥለህ ሌላውን ጫፍ ለብቻው ስትመዝን ለምን ብዬ ጠየቅኩህ፤ ሙሉው ክብደት እኩል ሆኖ ጫፎቹ ቢለያዩ አሁንም ይንቀጠቀጣል ብለህ አስረዳኸኝ። የዚያን ጊዜ ወግ እየመሰለኝ ነበር የምሰማህ። ይኸው ለካ ስታስተምረኝ ኖረሃል። አንድ ቀን እንኳ ይህ የሴት ቦታ አይደለም፣ ሂጂ ብለኸኝ አታውቅም። ስለዚህ አመሰግንሃለሁ፣ ዓለሜ። በሕይወትህ ሳለህ ይህን በአፌ ያልኩህ አይመስለኝም፤ በእኛ አገር ባሏን አመሰግንሃለሁ የምትል ማን አለች?

አሁን ወደ ዘንድሮ ልመልስህ። ጌታሁን ጎንደር ወርዶ ሁለት ዓይነት ዕቃ በጭድ ጠቅልሎ በበቅሎ ጭኖ መጣ። የማልወስደውን ለባለሱቁ ሊመልስለት ተስማምቷል። በአንደኛው ጭነት እነዚያ ጉብ ጉብ ያሉት ፒስተኖች አሉ፤ እነሱን ከመረጥኩ የጎበጠው ቢዬላ ተቃንቶ ከአሮጌዎቹ ጋር ይገባል። በሌላው አራት ወፍራም አዲስ ቢዬላዎችና በተሰነጠቀው ፈንታ የሚገባ አንድ ተራ ፒስተን አሉ። ሁለቱንም ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ጌታሁን ልቡ ወደ ፒስተኖቹ ነበር፤ እትዬ፣ በእነዚህ ብንሠራው ድንጋዩ ይበርራል፣ ያ የእስቴ ነጋዴም አፉን ይይዛል አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው።

ፒስተኑን አንሥቼ አየሁት፤ እውነትም ያምራል። የጎበጠውን ቢዬላም አነሣሁና በር ላይ ቆመህ ለገበሬዎቹ ያልከውን አሰብኩ። አንዴ የጎበጠ ሞፈር ተቃንቶ ለብርቱ በሬ ይጠመዳል? ቢዬላዎቹ ይሁኑ፣ ቢዘገይም ይዘግይ አልኩት። ብሳሳት ሌላ የምሞክርበት ነገር አልነበረኝም።

ጌታሁን አልተከራከረኝም። እንግዲያው እንመዝናቸው አለኝ። ሚዛኔን አወረድኩና ሳህኑን ገለበጥኩት።

አስማረ፣ እዚያ ላይ ጣትህ ነበር። ደረትህን ከመታመምህ በፊት በነበረው መስከረም ለመጨረሻ ጊዜ የለጠፍከው ሰም ላይ የአውራ ጣትህ አሻራ ከነመስመሩ፣ ያ ሞረድ የቆረጠህ ጠባሳ ሳይቀር፣ ታትሞ ቀርቷል። ዓርብ ዓርብ ስሸከመው ኖሬ አንድ ቀን ገልብጬ አላየሁትም። ፎቶግራፍ የለህም። ልብስህን ለነፍስህ ብዬ ሰጥቻለሁ። ይህች ብቻ ቀርታለች፣ እሷን ደግሞ ካልላጥኩ ሚዛኑ ያደላል፣ ሞተርህም ይንቀጠቀጣል።

ጥፍሬን ከሰሙ ሥር አስገባሁ። ጌታሁን አየኝና ፊቱን አዞረልኝ። ጥፍሬ እዚያው እንዳለ አለቀስኩ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ለቀብርህ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ከዚያ ግን አንተ አጠገቤ ብትሆን ምን ትለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ትስቅብኝ ነበር። ሚዛን ወደ አንድ በኩል ካደላ ሁልጊዜ ከከበደው ብቻ ነው ወይ የሚነሣው?

ጥፍሬን መለስኩ። ከቤት ሌላ ሰም አመጣሁና እንደ አንተ በመዳፌ አሙቄ በወዲያኛው ሳህን ሥር ለጠፍኩት። ከበደ፣ ቆንጠር አደረግኩለት። ቀለለ፣ ጨመርኩበት። ባዶው ሚዛን ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ እንዲያ አደረግኩ። ያንተ በአንድ በኩል፣ የኔ በሌላው። በዚያ ነው አራቱንም ፒስተን፣ አራቱንም ቢዬላ ከነጫፋቸው የመዘንነው።

ጌታሁን የማስነሻውን ማንቬላ አዞረ። አንተ ታደርግ እንደነበረው አንድ ኩባያ ውሃ ከሞተሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ አኖርኩ። ሞተሩ ተነሣ። ውሃው ትንሽ ተጨማደደ እንጂ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። መጀመሪያ የፈጨነው የማርያምን ዝክር ስንዴ ነው፤ ዳቦው ሲቆረስ ቄሱ ስምህን ጠሩ። ያ የእስቴ ነጋዴ መጥቶ ቆሞ አየና፣ እህል ይዤ ልምጣ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ሄደ። አዲሱ እህል ገብቷል፤ አልማዝም ትምህርቷ ላይ ናት።

ልረሳህ አልችልም ብዬ አልምልልህም፤ ሰው ነኝ፣ ፊትህ አንዳንዴ ይደበዝዝብኛል። ይህን ግን ቃል እገባልሃለሁ። ሞተር የምንመዝን ዕለት የኔን ሰም እለጥፋለሁ፤ ለገበያ ስወጣ የኔን ብቻ እልጣለሁ፣ ያንተን አልነካውም። ትናንትም ዓርብ ነበር። አንዲት የስማዳ ሴት ጥጥ መዘንኩላትና መርቂልኝ አለችኝ። ተመርቆልሻል አልኳት። ማን እንደመረቀላት አልነገርኳትም።

ያንተዋ
ጥሩዬ