ጆሮዋ ከተስተካከለ በኋላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አልቆርጥም አልኩት። ደጋግሜ አልኩት። አያ ታደሰ ግን ታላቅ ወንድሜ ነውና የእኔን እምቢታ እስከ ዛሬ የልጅ ኩርፊያ ያደርገዋል።

ሁለት ቡችሎች የእንስሳት ክሊኒኬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «በይ ስመኝ፣ ጆሯቸውን ቆርጠሽ አሹይልኝ፤ ጭራቸውንም አሳጥሪው» አለኝ፤ ፀጉር ቤት የመጣ ይመስል። ዶበርማን የሚባሉ የፈረንጅ ዘር ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣቸው። ወንዱን ታንክ ብሎታል። ሴቷ ስም የላትም። ምነው ስለው፣ «ጆሮዋ ከተስተካከለ በኋላ አወጣላታለሁ። አሁንማ ፍየል ነው የምትመስል» አለ። እውነቱን ነው፣ ትመስላለች። ለስላሳ ጆሮዋ በሮጠች ቁጥር ዓይኗ ላይ ይወድቃል። የልብ ማዳመጫዬን ልታኝክ ስትታገል ጭራዋ የመድኃኒት ጠርሙሶቼን እያንኳኳ ነበር።

አስረዳሁት። ጆሯቸው አልታመመም። ጭራ አጥንትና ነርቭ አለው፣ ጌጥ አይደለም። ውሻ ሲፈራም፣ ሲደሰትም፣ «አትጠጋኝ» ሲልም የሚናገረው በእነዚህ ነው። ዲዳ ልታደርጋቸው ነው ወይ አልኩት።

«ዲዳ ቢሆኑ ምን ገዶኝ፣ ከነከሱ!»

ቆይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የልቡን ነገረኝ። አዘዞ ካለው የብረታ ብረት ሱቁ ጎን የሚሠራ ነጋዴ ታግቶ ከተመለሰ ወዲህ አያ ታደሰ እንቅልፍ የለውም። በሩ ላይ የሚቆም ውሻ ገና ከሩቁ ማስፈራት አለበት ይላል። ምን ይባላል? ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። የቡችላ ጆሮ መቁረጥ አጋች እንደማያስቆም ብነግረው ተቆጣ፣ እኔም ተቆጣሁ፣ ተኮራርፈን ተለያየን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ክሊኒኩን አብሮኝ የከፈተው ዳዊት ነገሩን ሰምቶ ሳቀብኝ። «አንቺ እምቢ ብትይ ምላጭ ያለው ሁሉ ይሠራዋል። አንቺ ቢያንስ ማደንዘዣ አለሽ» አለ። ጠላሁት ይህን ንግግር። በዚህ ሂሳብ እኮ የማይሠራ ነውር የለም። የአንዲት ላም ማህፀን ስፈትሽ፣ አህያ ስመረምር፣ ንግግሩን እያመነዠግሁ ዋልኩ።

የሚከለክል ሕግ ይኖር እንደሆነ አንድ የማውቀውን የሕግ ሰው ደውዬ ጠየቅሁ። «ሰው ሰሚ ባጣበት ዘመን የውሻ ጆሮ?» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ሳቄ መጣ። ሳቄ ሲያልቅ ከፋኝ።

አያ ታደሰ ለሚካኤል ነገ እማዬ ዘንድ አምባ ጊዮርጊስ ይሄዳል። ቡችሎቹንም ይዞ። አየር ይለውጡ ብሎ ነው መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እኔ ዛሬ ደረስኩ። እማዬን ሳልስም ግቢው ውስጥ ደም አየሁ።

በእናቴ አገር የውሻ ጆሮ ይቆረጣል። አዲስ ነገር አይደለም። ጅብ ውሻን የሚይዘው በጆሮው ነው ይባላል፤ ስለዚህ ቡችላ ዓይኑን በገለጠ ሰሞን ጆሮው ይቆረጥና የተቆረጠውን ራሱ እንዲበላው ይሰጠዋል፤ ቁጡ እንዲሆን። ጎረቤታችን አያ ውበቴ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የቆረጡ እሳቸው ናቸው። ወንድሜ እኔ እምቢ ስለው ቡችሎቹን ወደ እሳቸው ወሰዳቸው፤ እኔ ሞኟ አየር ሊለውጡ መስሎኝ ነበር። ታንክ ግን ዓይኑን የገለጠ ሰሞን ቡችላ አይደለም፤ ወራት ያለፉት፣ ጆሮው በደም ሥር የተሞላ ውሻ ነው። በአራት ሰው ተይዞ፣ በምላጭ፣ ያለ ማደንዘዣ። ጭራውንም ጨምረው። ደሙ አልቆም ሲል አመድ ነሰነሱበት። ሴቷ በዚያ ግርግር ከጎተራው ሥር ገብታ አልወጣም ብላ ተረፈች።

አያ ውበቴን ብቆጣቸው ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ ጅብ ይብላው ነው የምትይ? እኔኮ ላድነው ብዬ ነው» አሉኝ። ከልባቸው ነው። የሚያሳዝነው እሱ ነው።

እማዬ ደግሞ በበዓል ቀን መጮኼን አልወደደችውም። «የአንችንስ ጆሮ ራሴ በእሾህ በስቸው የለ? አለቀስሽ፣ ዝም አልሽ። እኔስ አንገቴን የተነቀስሁት ሸጋ ትሁን ተብየ አይደል? ማን ሞተ?»

አንገቷን አየሁት። ሰማያዊው ንቅሳት ከቆዳዋ ጋር አብሮ ተሸብሽቧል። እማዬ፣ አንቺ እኮ በመስታወት አየሽው፣ ሰው አደነቀሽ፣ ለሠርግሽ ነበር፤ ውሻ መስታወት አያይም፤ አልኳት። «ኧረ ተይኝ፣ አንችም ተጠይቀሽ አልተበሳሽም» አለች። እሱስ ልክ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ልክ ነው፣ የተሳሳተው ታንክ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

በወንድሜ መኪና ታንክን ይዤ ጎንደር ገባሁ። እዚያው አምባ ጊዮርጊስ የሚቻለኝን ያህል አጥቤዋለሁ፣ በቂ አልነበረም። መንገድ ላይ ፍተሻ ስለነበር ረጅም ሰዓት ቆምን። ጭኔ ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። አያ ታደሰ እየነዳ በመስታወቱ ያየዋል፣ እኔን አያየኝም።

ክሊኒክ ስንደርስ አመዱን ከቁስሉ ውስጥ በጨው ውሃ አጠብኩ። የጭራው ጉቶ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ግሉኮስ ሰቀልኩ፣ መድኃኒት ወጋሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ታንክ ከቀትር በፊት ሞተ።

ስሙ እንኳ አይመጥነውም ነበር። ይልስ ነበር እንጂ አይናከስም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ክሊኒኩ በር ላይ አያ ታደሰ ሴቷን ታቅፎ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል። ያለቀሰ ይመስላል። የተጸጸተ መሰለኝና ልቤ ራራ።

«ያኔ አንቺ ብትሠሪው ኖሮ አይሞትም ነበር» አለኝ።

ክፉ ነገር የተናገረ አይመስለውም። ለእሱ ጥፋቱ የምላጩና የእኔ ነው፣ የመቆረጡ አይደለም። አሁን ይቺኛዋን አንቺ ሥሪልኝ፣ ካልሆነ ቅዳሜ ለአያ ውበቴ እወስዳታለሁ አለ። ለእኔ ስጠኝ አልኩት። እንደ ሕፃን ለመንኩት። አጥርህን ከፍ አድርግ፣ መብራት አስገባ፣ ዘበኛ ጨምር፣ ውሻዋን ተዋት አልኩት። «ዘበኛውን ማን ያምናል? የቀረችኝ እሷ ናት» አለ። ይህን ያህል የፈራን ሰው በምን ይከራከሩታል?

እሷ ከእቅፉ ወርዳ በመሃላችን ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ጭራዋ አላረፈም። ለሁለታችንም እኩል ትቆላ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሠራሁት።

በሙሉ ማደንዘዣ። ንጹሕ በንጹሕ። ዳዊት ትንፋሿን ይከታተል ነበር። ስትነሳ እንዳያማት ማስታገሻ ቀድሜ ሰጠኋት። ሁለቱን ጆሮዎች እኩል ለክቼ ቆረጥሁ፣ ሰፋሁ፣ ቀጥ ብለው እንዲደርቁ አስሬ በፋሻ ጠቀለልኩ። ከዚያ ጭራዋን። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ የምጠላው እሱን ነው። ሕመም የሌለበትን አካል ቆርጬ አላውቅም ነበር፤ ቢላው ግን ልዩነቱን አያውቅም።

የቆረጥሁትን ቁራጭ በፋሻ ጠቅልዬ መጣል አቃተኝ። ዳዊት ወስዶ አቃጠለው።

እንዳትሞት ነው ያደረግሁት። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ለራሴ ነግሬዋለሁ። አያ ውበቴም እንዲሁ ነበር ያሉኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ደህና ናት። ትበላለች። ቁስሉ ሸጋ ነው፣ ለመማሪያ ፎቶ ይሆናል።

ፎቶውማ ተነሥቷል። አያ ታደሰ ትናንት ሊያያት መጥቶ አንስቶ ለጓደኞቹ ላከው። ዛሬ ሦስት ሰው ደወለልኝ። አንደኛው ዶበርማን እንኳ የለውም፤ የአበሻ ውሻ ነው ያለው፣ «እንደዚያችኛዋ አድርጊልኝ» ይላል። እምቢ ስለው፣ «ለወንድምሽ ሲሆን ይቻላል?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ባለፈው ሳምንት የነበረኝ «አልቆርጥም» ዛሬ የለኝም።

ማምሻውን ወንድሜ ሊወስዳት መጣ። ፋሻ የተጠመጠመበትን፣ ሽቅብ የቆመ ጆሮዋን ዳግመኛ አይቶ ፊቱ በራ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት። ግንባሬን ሳመኝ። «እጅሽ ይባረክ። አሁን ስም ይገባታል፤ ሸጋ ብያታለሁ» አለ፤ ከዚያ «ሸጋ! ነይ ሸጋ!» ብሎ ጠራት።

ድምፁን ስትሰማ ተነሣች። ደስ አላት፤ ደስታው ከትከሻዋ ጀምሮ ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁት፤ ዳሌዋ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ፣ የተቆረጠው ጭራዋ ጉቶ ጋ ሲደርስ አመማትና ጮኸች። ዞር ብላ ማን እንደነካት ፈለገች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ከዚያ ተመልሳ ወደ እኔ መጣች።