ዳታውን እንዳትከፍቺው

ማክሰኞ

ምን አደረግሁ! ትናንት የፊደል ማስተማሪያ ጌሜን የሥዕልና የድምፅ ጥቅል አሳንሼ ሰርቨር ላይ ጫንኩት፤ በገጠር ኔትወርክም ቶሎ እንዲወርድ ብዬ። ዛሬ በስልኬ አውርጄ «ሀ»ን ነካሁ። ሥዕሉ መጣ፣ ድምፅ የለም። «ለ»ም ዝም። ሁሉም ዝም። አሮጌውን ጥቅል ደግሞ አዲሱ ተክቶታል።

ዋናው ላፕቶፔ ላይ ይኖራል። ይኑር ብቻ።

ረቡዕ

የለም። ሳሳንስ በዋናዎቹ ፋይሎች ላይ ደርቤ ሴቭ አድርጌያለሁ። ፍላሹንም አየሁ፤ ባዶ።

ድምፁ የየኔታ ነው፤ እኔንም በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እንደገና እንዳልቀዳቸው፣ ጉሮሯቸውን ከታመሙ ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣላቸውም። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

የተበላሸውን ከሰርቨሩ ላንሳው ብል ከሰዓት ጀምሮ መላው ማርቆስ ከተማ ኢንተርኔት የለም።

ሐሙስ

ጌሙን ለሙከራ ለሰጠኋቸው ሁሉ ደወልኩ። ሁሉም አዲሱን አውርደዋል። ጌሙ ኢንተርኔት ሲያገኝ አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን ያመጣል፤ እንዲያ አድርጌ የሠራሁት ራሴ ነኝ።

የቀረችው ደብረ ኤልያስ የምታስተምረው ጓደኛዬ ብርቱካን ናት። ከእሁድ ወዲህ ዳታ አላበራችም።

«ብርቱካን፣ በእመቤቴ፣ ዳታውን እንዳትከፍቺው!» ብዬ ጮህኩባት።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለች።

አርብ

የደብረ ኤልያሱ ሚኒባስ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። መንገድ ላይ ስልኬ ጢው ጢው አለ፤ ኢንተርኔቱ ተመልሷል። ብርቱካን ረስታ ብትከፍተውስ? ብደውል ዝግ ነው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ሲሙን አውጥቼዋለሁ፤ ራሴን አላመንኩትም» አለችና ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ሲም ካርድ አሳየችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ። ቢሮ ገብተን አሮጌውን ጥቅል ከስልኳ በገመድ ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩት። አንድ በአንድ ከፈትኩ፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አለ።

ቅዳሜ

ለየኔታ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መደበቅ አልሆነልኝም። ከዚያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ከንፈራቸው ከድምፃቸው ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ»።

«እኔስ ከእንግዲህ አልጮህም፣ ልጄ፤ አንቺ ግን ሌላ ቦታም አስቀምጪልኝ» አሉ በሹክሹክታ።

አሁን ሦስት ቦታ አለ፤ አንዱ ብርቱካን ዘንድ። የተበላሸውን ከሰርቨሩ አንስቻለሁ። ደህናውን ለመጫን ግን ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። እጄ አሁንም እምቢ ይለኛል። ነገ ከቅዳሴ መልስ እሞክራለሁ።