አቶ ኦሪን ፕሩት እና ያልሰሙት የመጨረሻ ቃል

አቶ ኦሪን ሃስኬል ፕሩት ከአባታቸው ከአቶ ኤነስ ፕሩትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታቢታ ሃስኬል በኦሃዮ ግዛት፣ በወንዝ ዳሯ ማሪዬታ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1871 ተወለዱ። አባታቸው በርሜል ሠሪ ነበሩና ልጃቸው ሙያውን እንዲወርስ ይመኙ ነበር። ልጅ ኦሪን ግን በርሜል ከመሥራት ይልቅ በርሜል ላይ ቆሞ ንግግር ማድረግ ይቀናቸው ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ብዙም አልተመሰገኑም፤ በቃል ጥናት ግን የሚወዳደራቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላም በአባታቸው ሥራ ቤት እየተነጫነጩ ጥቂት ዓመታት አሳለፉ።

በ1890 የአቶ ባርናባስ ክሮዌል ተጓዥ የቴአትር ቡድን ወደ ማሪዬታ መጣ። አቶ ኦሪን ትርኢቱን ባዩ ማግስት ልብሳቸውን ጠቅልለው ተከተሉት። እናታቸው አለቀሱ። አባታቸው ደግሞ ሲርበው ይመለሳል ብለው ተጽናኑ። እርግጥ ብዙ ጊዜ ራባቸው፤ ግን አልተመለሱም።

የቡድኑን መሪ ሁሉም «አባባ» እያለ ነበር የሚጠራቸው። አቶ ኦሪንም የሚያውቁትን ሁሉ የተማሩት ከእሳቸው ነው። ሳይጮኹ ድምፅን እስከ ላይኛው ሰገነት ማድረስን፣ ፊትን በቅባትና በቀለም ማስረጀትን፣ በባቡር ላይ ተቀምጦ መተኛትን፣ በር ላይ «ተዋናይና ውሻ አይገባም» የሚል ያልለጠፈ ማረፊያ ፈልጎ ማግኘትን አስተማሯቸው። የሙያውን ሕግጋትም አወረሷቸው። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚከበረው አንዱ ነበር፤ በልምምድ ጊዜ የቴአትሩ የመጨረሻ ቃል አይነገርም። ቃሉ የደረሰው ተዋናይ እዚያ ሲደርስ አፉን ዘግቶ ይወጣል። ቃሉ የሚሰማው ተመልካች በተገኘበት፣ በመጀመሪያው ምሽት ብቻ ነው። ይህን የጣሰ ቡድን መዓት ይወርድበታል ተብሎ ስለሚታመን፣ በሌላው ነገር ሁሉ የሚቀልዱት ተዋናዮች በዚህ አይቀልዱም ነበር።

አባባ ክሮዌል ታላቅ ሰው ነበሩ። እንደ ታላቅነታቸውም አንድ የማይለቃቸው ዐመል ነበረባቸው። ሌላው ተዋናይ በሚናገርበት ጊዜ የተመልካቹን ዓይን ይሰርቁ ነበር። የዋናው ተዋናይ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ እሳቸው መነጽራቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። ሴቲቱ ስታለቅስ የእግር ሹራባቸው ይወርዳል፤ ጎንበስ ብለው ቀስ እያሉ ይስቡታል። ከሁሉ የባሰችው ዝንቧ ነበረች። የሌለች ዝንብ እንደሚከተል ሰው ዓይናቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያንከራትቱ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ ተናጋሪው አፉ ደርቆ ይቀራል። አቤቱታ ሲቀርብባቸው፣ «እኔ ምን ላድርግ? ዝንቧ ናት» ይሉ ነበር። አቶ ኦሪን ይህቺን ዝንብ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ችለዋል። ሽማግሌውን እንደ አባት ይወዷቸው ነበር፤ ሽማግሌውም እንደ አባት ያበሽቋቸው ነበር።

በ1907 መጸው ቡድኑ «የኬላው ቤት» የተባለ አዲስ ቴአትር አዘጋጀ። አቶ ኦሪን በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናውን ቦታ ያገኙበት ነው። በቴአትሩ ከቤት የተባረረው ልጅ፣ ማለትም አቶ ኦሪን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ይመለሳል። አባትየው፣ ማለትም አባባ ክሮዌል፣ ከወንበራቸው አይነሡለትም። ልጁ ፊታቸው ቆሞ የልቡን ምሬት ሁሉ ያፈሳል። ንግግሩ ሲያልቅ አባት ከወንበራቸው ተነሥተው ልጃቸውን ያቅፋሉ፤ «ልጄ፣ ግባ፤ እራትህ ገና ትኩስ ነው» ይላሉ፤ መጋረጃው ይወርዳል። የቴአትሩ የመጨረሻ ቃል ይህ ስለሆነ፣ በሕጉ መሠረት አባባ ክሮዌል በልምምድ ላይ አንድም ቀን አልተናገሩትም።

ቴአትሩ መጀመሪያ የታየው ዛሬ ለቀብር በተሰበሰብንባት በዚችው በፒዮሪያ ከተማ ነበር። በዚያ ምሽት ሽማግሌው መስታወት ፊት ተቀምጠው ፊታቸውን ሲቀቡ አቶ ኦሪን ገቡና ከኋላቸው ቆሙ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ዛሬ እኔ ስናገር እንዳይንቀሳቀሱብኝ። ዝንብ ብትመጣም፣ ቤቱ ቢቃጠልም።»

«ቤቱ ቢቃጠልም?» አሉ ሽማግሌው በመስታወቱ እያዩዋቸው።

«ቢቃጠልም። አንዲት ጣት ካነሡ እኔ ነገ ባቡሩ ላይ የለሁም።»

አባባ ክሮዌል ቀለሙን አስቀመጡ። ቀልድ አልመለሱም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «እሺ ልጄ። ዛሬ ድንጋይ ነኝ» አሉ።

እንዳሉትም ድንጋይ ሆኑ። አቶ ኦሪን በዚያ ምሽት የተናገሩትን ያህል ከዚያ በፊት ተናግረው አያውቁም። አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ ሰማቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከልጁ ሳይነቅሉ፣ የወንበሩን ክንዶች ጨብጠው ተቀመጡ። ንግግሩ አለቀ፤ አባት የሚነሡበት ጊዜ ደረሰ። አልተነሡም። አቶ ኦሪን ጠበቁ። ከዚያም በልባቸው፣ «ይኸው ጀመሩ፤ ዝም ብለው የእኔን ጭብጨባ ሊወስዱ ነው» አሉ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሰረቅ የኖረ ሰው ሌላ ነገር አይታየውም። ስለዚህ በእልህ ራሳቸው ተንበርክከው የሽማግሌውን ጉልበት አቀፉ፤ መጋረጃው ወረደ። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ አቶ ኦሪን ወደ ኋላ ሳያዩ ብቻቸውን ከመጋረጃው ፊት ወጡ፤ ደጋግመውም እጅ ነሡ።

ሲመለሱ አባባ ክሮዌል ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ነበሩ። ልጃቸው ሚኔርቫ ራሳቸውን ደግፋ ይዛ ነበር። ልባቸው የከዳቸው ገና ንግግሩ ሲጀመር እንደሆነ ሐኪሙ ኋላ ተናግሯል። ሽማግሌው አቶ ኦሪንን ሲያዩ ፈገግ አሉና፣ «አልተንቀሳቀስኩም፣ አይደል?» አሏቸው።

«አልተንቀሳቀሱም፣ አባባ» አሉ አቶ ኦሪን። ሐኪሙ ሲደርስ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

በማግስቱ ቡድኑ ለሌላ ከተማ ቃል ስለገባ በጠዋቱ ባቡር ሄደ፤ ቴአትር በሐዘን አይቀርምና። ለቀብር የቀረችው ልጃቸው ብቻ ናት። ሣጥኑን የተሸከሙት የማያውቋቸው የፒዮሪያ ሰዎች ናቸው። አቶ ኦሪን በባቡሩ ላይ ጋዜጣ ገዝተው ሲያነቡ፣ «የልጁ ንግግር ድንቅ ነው፤ የአባትየው ዝምታ ግን ከንግግሩ ይበልጣል» የሚል አገኙ። ጋዜጣውን አጥፈው በመስኮት ጣሉት።

ከዚያ ወዲያ ዝና መጣ። «የኬላው ቤት» በኒው ዮርክና በመላው አገሪቱ ለዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ታየ። በየምሽቱ ሌላ ሽማግሌ ተዋናይ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «ልጄ፣ ግባ፤ እራትህ ገና ትኩስ ነው» ይላቸዋል። በየምሽቱም አቶ ኦሪን ያለቅሳሉ። ተመልካች ጥበብ መስሎት ያጨበጭባል። እሳቸው ከዚያ ምሽት በኋላ ብቻቸውን ከመጋረጃ ፊት ወጥተው አያውቁም፤ አባት ሆኖ የተጫወተውን ሰው እጁን ይዘው እየጎተቱ ያወጡት ነበር። ስለ ትሕትናቸው ብዙ ተጽፏል። ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ሎይስ ግን ትሕትና ነበር ብላ መጻፍ አልቻለችም። ፍርሃት ነበር።

በ1910 ከወይዘሪት ሚኔርቫ ክሮዌል ጋር በሕጋዊ ጋብቻ ተጋብተው ባርናባስንና ሎይስን ወለዱ። የበኩር ልጃቸውን በአያቱ ስም የሰየሙት እናቱ ናቸው። አቶ ኦሪን እሺ አሉ፤ ነገር ግን ልጁን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ጓዴ» ነበር የሚሉት። በሌላው ቤት ልጆች «አርፋችሁ ተቀመጡ» ይባላሉ። በፕሩት ቤት ግን አንዱ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ጥቂት ዝም ካለ አባት ከወዲያኛው ክፍል ይመጡና ትከሻውን ነካ አድርገው፣ «እስቲ ተንቀሳቀስ» ይሉታል። ልጆቹ ይስቁ ነበር። አባታቸው ግን አይስቁም።

አንዳንዴ ከእራት በኋላ፣ «ሚኒ፣ የዚያን ዕለት አባትሽ…» ብለው ይጀምሩና ያቆማሉ፤ ልክ በልምምድ ላይ እንዳሉ ሁሉ የመጨረሻውን ቃል አይናገሩትም። ወይዘሮ ሚኔርቫም ወዲያው ተነሥተው ድስቱን ለማየት ይሄዳሉ። ልጆቹ ሐዘን ነው ብለው ያስቡ ነበር።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቴአትር ቤቶቹን አንድ በአንድ ሲያዘጋና ተጓዥ ቡድኖች ሲበተኑ፣ አቶ ኦሪን ከ1929 ጀምሮ በቺካጎ በራዲዮ ታሪክ አንባቢ ሆነው ሠሩ። ሥራውን ወደውት ነበር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ከኋላዬ የሚቀመጥ ሰው የለም ይሉ ነበር። በ1936 ጡረታ ወጡ።

ባለፈው መጸው በልብ ሕመም አልጋ ያዙ። ሐኪሙ እንዳይንቀሳቀሱ አዘዛቸው። ይህን ሲሰሙ ብዙ ሳቁና ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ሎይስ ሾርባ ይዛ ስትገባ አባቷ የእናቷን እጅ ይዘው አገኘቻቸው። እንድትወጣ አልነገሯትም።

«ሚኒ፣ አባትሽን እንዳይንቀሳቀሱ የለመንኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ከተንቀሳቀሱ ጥዬዎት እሄዳለሁ አልኳቸው። እሳቸው ቃላቸውን ሲጠብቁ ሞቱ፤ እኔ ወጥቼ እጅ ነሣሁ።»

ወይዘሮ ሚኔርቫ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አቶ ኦሪን ሠላሳ አንድ ዓመት ሲፈሩት የኖሩት ይህን ዝምታ ነበር። በኋላ እናት እንዲህ አሉ፦

«ያን ምሽት ከመድረኩ ጎን ሆኜ ቃል የማስታውሰው እኔ ነበርኩ። መጋረጃውን የሚያስወርደው የደወል ገመድ እጄ ላይ ነበር። የአባቴ ፊት በላብ ታጥቦ ቀለሙ እስከ አገጫቸው ሲወርድ አየሁት። ልስበው አልኩና መልሼ፣ ኦሪን ይጨርስ አልኩ። ሰው እንዲያይህ ፈልጌ ነው። ብነግርህ ትጠላኛለህ ብዬ ይኸው እዚህ ደረስኩ።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። በደል ግን ለሁለት ቢካፈሉትም ጌጥ አይሆንም። ሁለቱም አብረው አለቀሱ እንጂ አንዳቸውም ሌላውን ነፃ ነህ፣ ነፃ ነሽ አላሉም፤ ለራሳቸው ያልሆነላቸውን ለሌላው መስጠት ከበዳቸው። ሆኖም ከዚያን ቀን ጀምሮ እናት ድስት ለማየት መነሣታቸውን ተዉ። ልጃቸው ባርናባስ በባቡር በደረሰ ጊዜም አባቱ፣ «ባርናባስ፣ ና እዚህ ተቀመጥ» አሉት። ልጁ ሌላ ሰው የገባ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት አቶ ኦሪን ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባትሽ ያንን ቃል እንዴት ይሉት ነበር ይላሉ፤ ጮክ ብለው ነው ወይስ ለስለስ አድርገው? ወይዘሮ ሚኔርቫም፣ «አላውቅም ኦሪን። በልምምድ ላይ አልተናገሩትም» ይሏቸዋል። አቶ ኦሪን በሕይወታቸው ቃሉን ከብዙ ተዋናዮች አፍ ሰምተዋል፤ ከአንዱ ግን አልሰሙም።

አቶ ኦሪን ሃስኬል ፕሩት በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ የካቲት 3 ቀን 1939 በቺካጎ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በኑዛዜያቸው መሠረት ዛሬ የካቲት 7 ቀን በፒዮሪያ፣ ያኔ በቀብራቸው ላይ ባልቆሙላቸው በአባባ ክሮዌል መቃብር ጎን ያርፋሉ። ይህ ታሪክ ምንም ሳይሸፈን እንዲነበብ ያዘዙት ወይዘሮ ሚኔርቫ ናቸው። ሎይስ በቀብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይነበባል ወይ ብላ ብትጠይቃቸው፣ ለአባቴ ሳንናገር የቀረነውን መቃብራቸው አጠገብ እንኳ ይስሙት ብለዋል።

አቶ ኦሪን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሚኔርቫን፣ ልጆቻቸውን ባርናባስንና ሎይስን እንዲሁም ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ሐዘናችንን ለመካፈል በዚህ ብርድ ከሩቅ የመጣችሁትን፣ በተለይም በዚያን ጊዜ የማታውቁትን ሽማግሌ ተሸክማችሁ የቀበራችሁትን የፒዮሪያ አባቶች፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። አባባ ክሮዌልም የገቡት ቃል ዛሬ ይፈታላቸው። ከወንበራቸው ይነሡ፤ በር ድረስ ይምጡ፤ እጃቸውንም ዘርግተው በገዛ ድምፃቸው፣ «ልጄ፣ ግባ፤ እራትህ ገና ትኩስ ነው» ይበሏቸው። አሜን።