በቤዝ ማጉሊያው ላይ የፈረምሁትን ምስክርነት ስለ መሻር

ነገሌ ቦረና፣ ሚያዝያ ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ሥዩም
የከተማችን የበዓላት አዘጋጅ ጉባኤ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ የሰማይና የምድር ፈጣሪ ከእግር እስከ ራስዎ ጤና ይስጥዎ፤ ከሕመም ሁሉ፣ ይልቁንም ከጆሮ ሕመም ይጠብቅዎ። እኔ የደብሩ መሪጌታ፣ ሰዎች በገበያ ሲያገኙኝ «መሪጌታ ቤዝ» ብለው እጅ ከመንሳታቸው በቀር፣ ደኅና ነኝ። አዲሱን ስሜን ያገኘሁት በእርስዎ በኩል ስለሆነ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወደድሁ።

በየካቲት ወር በማኅተም አስጊጠው የላኩልኝ ደብዳቤ «ለቤዝ የሚውለውን ተንቀሳቃሽ የድምፅ ማጉሊያ፣ ዜማ ዐዋቂ እንደ መሆንዎ መጠን፣ መርምረው አስተያየትዎን በጽሑፍ ይስጡን» የሚል ነበር። ቤዝ የሚባል ቃል በግዕዙም በአማርኛውም ፈልጌ አጣሁ። ቤዛን ግን ፊደል ከቆጠርሁበት ዘመን ጀምሮ ዐውቀዋለሁ። ስለዚህ በጽሕፈት መኪና የመታችው ልጅ ራብዑን ዛ በሳድሱ ዝ እንደ ሳተች ቈጥሬ፣ ለዓለም ቤዛ ክብር የሚሆን ማጉሊያ ጉባኤው ሰጠን ብዬ፣ ደብዳቤዎን በቀይ ቀለም አረምሁት፤ አርሜም አልቀረሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዓውደ ምሕረት ቆሜ ለሕዝቡ አነበብሁት። ሕዝቡም እልል አለ። ያ እልልታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንዲህ ያቻኮለኝን ነገር ቢጠይቁ ወይዘሮ የሺ ናቸው። እርሳቸው የወታደር ባልቴት ናቸው፤ ጉልበታቸው ደረጃውን አላስወጣ ስላላቸው ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ከግራሩ ሥር ይቀመጣሉ። ጆሯቸው ደክሟል፤ የደከመው ጆሮ የሚለቅመውንም የቆላው ነፋስ ይወስድባቸዋል። በየሰንበቱ ስወጣ «መሪጌታ፣ ዛሬስ ወንጌሉ ምን አለ? ሳልሰማ ልሞት ነው እኮ» ይሉኛል። እኔም «ለጉባኤው አመልክተናል» እላቸዋለሁ። በርግጥም አመልክተን ነበር፤ ለድምፅ ጉዳይ የተመደበ ገንዘብ የለም ብለው በትሕትና መመለስዎንም አልዘነጋሁትም። ስለዚህ ማጉሊያው መምጣቱን ስሰማ ወደ ግራሩ ሄጄ በሚቀጥለው ሰንበት ወንጌሉን እንደሚሰሙ ቃል ገባሁላቸው።

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ተንቀሳቃሽነቱ። ማጉሊያውና ድምፅ ማውጫው በአንድ ሣጥን ተገጥመው፣ በላዩ መያዣ እጀታ ተበጅቶለታል፤ ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ተብሏል። ከእርስዎ ቢሮ እስከ ደብሩ ያመጡት አራት ጎልማሶች ናቸው፤ ሁለት ጊዜም አርፈዋል። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሚዛን ከሄድን ሬሳም ተንቀሳቃሽ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መልኩ። ጥቁር ለብሷል፤ ፊቱ በብርማ ክር በተሠራ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ቁልፎቹ ያብረቀርቃሉ። ይህን ሁሉ በዐይኔ አይቼ አመሰገንሁ። በዚያ ቀን ግን የመብራት ሞተር አልነበረንምና ድምፁን አልሰማሁም። መልእክተኛዎ «መሪጌታ፣ ይፈርሙልኝና ልሂድ፤ ግራዝማች ቆመው ነው የሚጠብቁኝ» ቢለኝ፣ እርስዎን ያህል ሰው እንዴት በቁም ይደር ብዬ «ለታሰበለት አገልግሎት እጅግ ተስማሚ ነው» ከሚል ቃል በታች፣ በዚያው በቀይ ባረምሁት ደብዳቤ ግርጌ፣ ስሜን አኖርሁ፤ እርሱም ሣጥኑን ትቶ ደብዳቤውን ይዞ ሄደ። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ስንት ተማሪ በቃሉ አስይዣለሁ! ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ የመሰከርሁት ግን በገዛ ጣቶቼ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ድምፁ። በሰንበቱ ሞተር ተውሰን፣ ሣጥኑን ወይዘሮ የሺ እንዲሰሙ ብለን ከግራሩ ሥር አጠገባቸው አኖርነው። ዲያቆን አዳነ ወንጌሉን ማንበብ ጀመረ። ከሣጥኑ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ንባቡን ነጎድጓድ አደረገው፤ ዜማም ብንሞክርበት ግዕዙን ነጎድጓድ፣ ዕዝሉን ነጎድጓድ፣ አራራዩንም ነጎድጓድ አደረገው። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ወይዘሮ የሺ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ኧረ ተመስገን! አጉረመረመ! ስጥ ያላችሁ አስገቡ፣ ዝናቡ መጣ!» አሉ። ሕዝቡ ሳቀባቸው። ከብት ለገበያ ነድቶ የሚያልፍ ሞሉ የሚባል የቦረና ሽማግሌ ከቅጥሩ ውጭ በበትሩ ተደግፎ ሰማዩን ሲመለከት ቆየና «ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ አባ? ደመናው የታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከብቶቹ ከስተዋል፤ ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። ወንጌል ላሰማቸው ቃል የገባሁላቸውን ሴት የሌለ ዝናብ አሰማኋቸው፤ ዝናብ ለሚጠብቀውም ሰው ሣጥኑን በጣቴ አሳየሁት።

በዚህ መካከል የጦር ሰፈሩ ሙዚቀኛ ሃምሳ አለቃ ተክሉ እያለከለከ ደረሰ። ጉልበቴን ስሞ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይሄ እኮ የኔ ነው። ቤዝ ማለት ወፍራሙ ጊታር ነው። ለክሩ እንጂ ለሰው ቃል አልተሠራም» አለኝ። ደግሞም በየዋህነት ከገና ጀምሮ በእርስዎ ክበብ ግብዣ ሲጫወትበት መክረሙን ነገረኝ። ስለዚህ በየካቲት እንድመረምር የታዘዝሁት፣ ተገዝቶ፣ ተጨፍሮበት፣ የሰነድ ማሟያ ፊርማ ብቻ የቀረውን ዕቃ ኖሯል። ለድምፅ የጠፋው ገንዘብ የት እንደ ተገኘ ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

አራተኛ፣ ስለ ቸርነትዎ። ምስክርነቴን በክበቡ ራት ላይ፣ ከነቀይ ቀለሙ፣ በዚያው ማጉሊያ ለእንግዶች አንብበውታል አሉ። ማጉሊያውም ለእኔ እንዳዘነ ሁሉ ከሚያነቡት አንዲት ቃል አላሰማም። እርስዎም አጥፍተው፣ ወደ ገበታው ቀርበው፣ በባዶ ጉሮሮ ደገሙት። ያን ጊዜ ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም ሳቀ።

ክቡር ሆይ፣ ከላኩልኝ ትምህርት ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ከዚያ በቀጠለው ሰንበት ወንጌሉን ይዤ ወደ ግራሩ ወረድሁ፤ ከወይዘሮ የሺ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠግቼ፣ በባዶ ጉሮሮ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያበቃ እጄን ያዙና «ይህን ያህል ቅርብ ኖረዋል እንዴ፣ መሪጌታ?» አሉኝ። በገበያ «ቤዝ» ሲሉኝ አንገቴን ቀና አድርጌ አልፋለሁ። በዚህች ጥያቄ ግን አንገቴን እንደ ደፋሁ ነኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ወደ እርስዎ ቢሮ ስመላለስ፣ ወደ ግራሩ የሚወስደው መንገድ ከሁሉ አጭሩ ነበርና።

ስለዚህ የቀደመውን ምስክርነቴን ሽሬ በዚህ ተክቻለሁ። ሃምሳ አለቃ ተክሉ በጊታሩ ክር አሰምቶኛልና እውነቱን እመሰክራለሁ፤ ማጉሊያው ለተሠራበት ነገር መልካም ነው፤ ድምፁ ሙሉ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ክሩ ዝቅ ባለ መጠን ያምርበታል። ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ሥራውን ያውቃል።

ጥላዎ አይጥፋብን፣ ማኅተምዎ አይደብዝዝብን፣ ግብዣዎ አይጉደልብን እያልሁ፣ ያልሰማውን የመሰከረ፣ ያልተጻፈውን ያረመ፣ ስለ ነፍስዎም ዘወትር የሚጸልይ ትሑት አገልጋይዎ

መሪጌታ ገብረወልድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በየዓመቱ ካመለከትነው አንዱም ቃል ወደ ጆሮዎ እንዳልደረሰ ከመልሶችዎ ተረድቻለሁ፤ ይህም ሕመም መሆኑን ወይዘሮ የሺ ነግረውኛል። ከግራሩ ሥር በስተቀኛቸው አንድ ድንጋይ ባዶ ነው። ሰንበት ጠዋት ይምጡ፤ ለእርስዎም በጆሮዎ አነብልዎታለሁ።