አሥራ ዘጠኝ ካርድ፣ አሥራ ስምንት ልጅ

ይድረስ እህትም እናትም ለሆንሽኝ ለሶይሊ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ላም ስታልቢ የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያልሽ ትዋሻለሽ? የአባባ ጉልበትስ እንዴት ነው? ባልሽ ኤርኪ ያንን ሳሉን ለሐኪም አሳየው ወይስ ዘንድሮም በሳውና እንፋሎት ሊያባርረው ነው? እናንተ ዘንድ በረዶ መግባቱን በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እዚህ ገና ዝናብ ነው። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። የላክሽልኝ ጥቁር ዳቦና መርመላታ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። መርመላታውን አብራኝ የምትኖረው ልጅ እንዳታይብኝ አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ፤ ስስቴን ታውቂዋለሽ።

ያልደወልኩት የእናንተ ስልክ ወጥ ቤት ስለሆነ ነው። አባባ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ከራሱ እንዲሞላው አልፈለግሁም። ሰው አልሞተም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እንደምታውቂው የማስተርሱ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ከመጽሐፉ ይልቅ ሥራው ይበዛል። ከዩቫስኩላ አርባ ደቂቃ በአውቶቡስ በምትርቅ ትንሽ ከተማ፣ የሰባተኛ ክፍል ሴቶችን ስፖርት አስተምራለሁ። ይህን የማስተማር ልምምድ ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም፤ ያለ ዲግሪው ደግሞ የስፖርት መምህር መሆን የለም። የተመደቡልኝ አሠልጣኝ ወይዘሮ ራውኒ ይባላሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷቸው ዛሬም ገመድ ላይ እንደ ድመት ይወጣሉ። እኔን በጣም ይወዱኛል፤ ችግሬንም ያባሰው ይኸው ፍቅራቸው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ልጆቹን ጫካ ይዘናቸው ወጣን። ያው እኛ ያደግንበት ነገር ነው፤ ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ ዛፍ መሐል የተሰቀሉትን ምልክቶች እየፈለጉ፣ በየደረሱበት ካርዱን እየበሱ መመለስ። ወይዘሮ ራውኒ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ ብለው ነበር። እኔ ግን «እኛ አገር በሰባት ዓመታችን ብቻችንን ነበር የምንሄደው» ብዬ ድርቅ አልኩ። የመመረቂያ ጽሑፌም ብቻውን መንገድ የሚያገኝ ልጅ በራሱ መተማመን ያዳብራል የሚል ነውና ከወረቀቴ ጋር እንዲገጥምልኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸውም ሳቁና «እሺ አንቺ የሰሜን ግትር፣ ክፍሉ ያንቺ ነው። ሲመለሱ ግን ጭንቅላት ቁጠሪ» ብለውኝ፣ ልጆቹ የመኪና መንገዱን ሲያቋርጡ ሊጠብቁ ወደ ማዶ ሄዱ። እኔ የሩጫው ማብቂያ ላይ ቀረሁ።

ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ እየሳቁም እየተነጫነጩም ይመጡ ጀመር። እኔ በአንድ እጄ እያንዳንዷ የደረሰችበትን የምጽፍበት የሰዓት ወረቀት፣ በሌላው የካርዱን ከረጢት ይዣለሁ፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ደግሞ ጡሩምባውን ያስጮኻል። መጨረሻ ላይ ከረጢቱን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ካርድ። አሥራ ዘጠኝ ልጅ ነበር ያስገባሁት። ሞልቷል ብዬ አሰናበትኳቸው። ሶይሊ፣ አባባ ካርድህን ከሰጠህ ነፍስህን ሰጠህ እያለ አይደል ያሳደገን? እኛ ቤት ካርዱ ገባ ማለት ሰውዬው ገባ ማለት ነው። የከተማ ልጅ ካርዷን ለጓደኛዋ ልታስይዝ እንደምትችል በሕልሜም አልመጣልኝም። አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት አሥራ ስምንት ልጆች ናቸው።

የቀረችው ታንያ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ናት። ስድስተኛው ምልክት አጠገብ ሥር ጠልፏት ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል። እሷ ወለምታ መስሏት፣ በዚያ ስታልፍ ላገኘቻት ለሚርቫ ካርዷን ሰጠቻትና «ቀስ ብዬ እመጣለሁ በያት» አለቻት። መቅረቷ የታወቀው ትምህርት ቤት ከገባን በኋላ የሒሳብ መምህሩ ስም ሲጠሩ ነው። ሮጠን ተመለስን። ያገኟት ወይዘሮ ራውኒ ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ከእኔ ቀድመው ጥሻውን ጥሰው ገቡ። ልጅቷ ዝናብ ላይ ሁለት ሰዓት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ነው የደረሱባት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ መንቀጥቀጥ እንኳ ትታ ነበር። ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። ሐኪሙ በክረምቱ መጨረሻ ትሮጣለች ብሏል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ጠሩን። «ማንም የነገረኝ የለም» አልኩ፤ እውነቴንም መስሎኝ ነበር። ሚርቫ ጥግ ላይ ቆማለች፣ ጸጉሯ ገና ይንጠባጠባል። «ነግሬሻለሁ! ታንያ ቀስ ብላ ትመጣለች፣ እግሯን አሟታል ብዬሻለሁ። ጎበዝ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ግቢ አልሽኝ!» አለች። ርዕሰ መምህሩም ለስለስ ብለው «በዚያ ዝናብ ልትነግሪ አስበሽ ረስተሽው ይሆናል፣ ማንም አይቆጣሽም» አሏት። ልጅቷ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየችና ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

በማግሥቱ ልጆቹ መጫወቻ አደረጓት። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አንዷ «ሚርቫዬ፣ ይቺን ፎጣ ለእናቴ አድርሺልኝ፤ ለነገሩ ተዪው፣ እስክታስታውሺ እኔው እደርሳለሁ» ስትላት፣ ሌላዋ «ከእሷ ጋር ጫካ የገባ ኑዛዜውን ጽፎ ይግባ!» ስትል ሰማሁ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መምህር ነኝ ባይ አይደለሁ፣ ገብቼ «ተዉ» አልኳቸው፤ እነሱም ተዉት፣ እኔ እስክወጣ።

ሐሙስ ዕለት የዝናብ ካፖርቴን ላጥብ ኪሱን ስገለብጥ ያቺ የሰዓት ወረቀት ወጣች። ውኃ በልቷት ግማሹ አይነበብም። ከሚርቫ ሰዓት አጠገብ ግን በእርሳስ «ታንያ፣ ቀስ ብላ» ይላል። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ልጅቷ ነግራኛለች፤ እኔም ጽፌዋለሁ። እጄ የሰማውን ልቤ አልሰማውም፣ ሶይሊ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወረቀቷን መልሼ ኪሱ ውስጥ ከትቼ ካፖርቱን ማሽኑ ውስጥ ልጨምረው ሁለት ጊዜ እጄን ሰድጃለሁ።

ወረቀቷን ይዤ ወይዘሮ ራውኒ ዘንድ ሄድኩ። አዩዋትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚኝ፣ ሬያ። እኔ በሰኔ ጡረታ እወጣለሁ። ኃላፊዋ መምህርት እኔ ነበርኩ ብዬ ሪፖርቱን ጽፌ ሰጥቻለሁ። ታንያ ድናለች። ይህን ካሳየሽ ግን ሰምታ ትታት ሄደች ነው የሚሉሽ። ዝናቡ የጀመረውን ማጠቢያሽ ይጨርስ» አሉኝ። «ሚርቫስ?» ስላቸው «ልጅ በሳምንት ይረሳል» አሉ። ተቀይሜያቸው አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ተናደድኩባቸው። እኔ በሦስተኛ ክፍል ያልሰበርኩትን መስኮት ሰበርሽ ተብዬ ጥግ የቆምኩበትን እስከነቀኑ አስታውሳለሁ። አንቺ ነሽ መጥተሽ ያስለቀቅሽኝ።

ደግሞም ስለ አንቺ አሰብኩ፣ አልዋሽሽም። እኔ እንድማር በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ደብተርሽን ጥለሽ በረት የገባሽው አንቺ ነሽ። አባባም ሱቅ ለገባ ሁሉ «ትንሿ መምህርት ልትሆን ነው» ይላል። ይህን ሁሉ በአንዲት እርጥብ ወረቀት ላጠፋው ነው ብዬ ስገላበጥ አደርኩ።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቷን ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸውም እኔ ፊት ለዩኒቨርሲቲው ደወሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከልምምዱ ታግጃለሁ። ጉዳዬ በታኅሣሥ ወር ይታያል፤ ወይ ዓመቱን ትደግማለች ይላሉ፣ ወይ ሌላ ሙያ ትፈልግ ይላሉ። ወይዘሮ ራውኒ ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና «ግትር» ብለው ሄዱ።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ለመንኩ፤ ክፍሉ ፊት እንድናገር። ፈቀዱልኝ። ቆሜ «ሚርቫ ነግራኝ ነበር። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ» አልኩ። ሚርቫን ይቅርታ ጠየቅኋት። አቅፋኝ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ እንደነበር ያወቅሁት ሳታደርገው ስትቀር ነው። ቀና ብላ አየችኝና «እናቴ እንኳ አላመነችኝም» አለች። እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸው ነው። ልክ ነሽ እንድትዪኝ አይደለም የጻፍኩልሽ፤ ከሰው አፍ ሳትሰሚ ከእኔ እንድትሰሚ ነው። እፈራለሁ፣ ሶይሊ። ከዚህ ሌላ የምችለው ሥራ የለኝም፤ የምወደውም የለኝም።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝና ደብዳቤውን እንዳለ አንብቢለት፤ ምንም ቃል አታለሳልሺ። ለኤርኪ ሰላምታዬ ይድረሰው፣ ሐኪም ዘንድ ይሂድ በይው። ማሙሽ ኦሲን ጉንጩን ነክሼዋለሁ። ጎረቤታችንን ወይዘሮ ሄልቪን እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፤ የሠሩልኝ የሱፍ ካልሲ ከእግሬ አልወለቀም። ሄናን ደግሞ፣ ያቺን ወሬኛ ልጅሽን፣ ደጋግመሽ ሳሚልኝ። ከትምህርት ቤት መጥታ ከኋላሽ ቆማ አንድ ነገር ስትነግርሽ፣ በእናታችን ይሁንብሽ፣ የያዝሽውን አስቀምጪና ዞር በዪላት።

የምትወድሽ እህትሽ ሬያ

ዩቫስኩላ፣ እሑድ ኦክቶበር 27 ቀን 1991