ግቢያችንን ሊያዩ የመጡት ሰውዬ

ጥቅምት 9 ቀን 1968

ጠዋት ሎሚ ለቀማ። ከሰዓት አባባ ሱቅ። ሰላሀዲን ዛሬም ከውጫሌ አልመጣም። "ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ዘመዶቼ ይምከሩ" እንዳለ ቀረ። ምንድን ነው ይሄን ያህል የሚመክሩት?

ጥቅምት 12

ካፖርት የለበሱ ሰውዬ ግቢያችንን ሊያዩ መጡ። ብርቅ አይደለም። ቅድመ አያቴ ድንጋይ ደርድረው ቁልቁል ወደ ሐይቁ ያወረዱትን እርከን ሰው ከደሴ ድረስ መጥቶ ያየዋል። ግን ትርፍ ቦታ የሚወርሰው የከተማ ቦታ አዋጅ ከወጣ ወዲህ አባባ እንግዳ ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። እኝህ ደግሞ በከዘራቸው እየለኩ ወረዱ! በመስኮት ሰማኋቸው።

"ሎሚው የእርስዎ ነው?"

"ደርቋል።" አባባ ነው።

"የታችኛውስ እርከን?"

"የኛ አይደለም። የማንም አይደለም።"

"ልጆችስ?"

"አንዲት ነበረች። ድሬያታለሁ። ሩቅ አገር።"

መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሩቅ አገር ተዳርኩ! ዘመቻ እንዳልሄድ ትምህርት አስጥሎኝ ነው የተቀመጥኩት፤ የካደኝ ያ እንዳይታወቅበት ፈርቶ ነው። ሳቄን አፈንኩት...

ጥቅምት 15

የምን ሳቅ!

ሰላሀዲን ሱቅ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አግብተሻል አሉ።"

"ማን አለ?"

"አጎቴ ዘይኑልአቢዲን። ቤተሰብሽን አይተው እንዲመለሱ ልከናቸው ነበር። አባቷ ነገሩኝ አሉ።"

ካፖርቱ... ከዘራው... ለካ እሳቸው ነበሩ! ማልኩለት፤ አመነኝ። አጎቱ ግን "ሴት ልጁን ከሚክድ ሰው ደጅ ሽማግሌ አልልክም" ብለዋል። ቁርጥ። "አብሽሪ" ብሎኝ ሄደ። ድምፁ ግን የሚያጽናና አልነበረም።

ለእማዬ ነገርኳት። እሷ ለአባባ። ጩኸት ስጠብቅ ብድግ ብሎ ወጣ። ምሳውንም ተወው።

ጥቅምት 16

አባባ ውጫሌ እሄዳለሁ አለ። የሴቷ አባት? ወደ ወንዱ ቤት?

"ልጁን ይዞ ዞረ ይሉሃል!" አለች እማዬ።

"ይበሉኛ።"

ሄደ። ከኋላው ሳየው አንጀቴን በላው።

ጥቅምት 17

በአንድ አውቶቡስ መጡ! አባባ ሰውዬውን እርከን በእርከን ይዟቸው ወረደ። ሎሚው፣ ትርንጎው፣ ሸንኮራው፣ የታችኛው ጫት... ዛሬ ሁሉም የሱ ሆነ። ጉራው ለጉድ ነው!

"በከዘራ የለኩት ግን ለምን ነበር?"

"ውጫሌ እንዲህ ላበጅ አስቤ ነዋ!"

"እኔ ደግሞ ሊቆርሱብኝ ነው ብዬ ልጄን ካድኩ።"

ሳቃቸው ሱቅ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ስሜ ተጠራ። "አሲያ! ነይ፣ አለሁ በያቸው።" ወጣሁ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። ያ አላህ፣ እንዴት ቀለለኝ!

ኅዳር 2

እውነተኞቹ መጡ። ሜትር ይዘው። የታችኞቹን እርከኖች ቆርሰው ለቀበሌ አደረጉ። እማዬ አለቀሰች። ሠርጉ ጥር ላይ ነው፤ ዳሱን እዚያ ልንጥል ነበር። ላይኛው ላይ ይጣላል። ጠበብ ይላል እንጂ ይበቃናል።

አባባ ከሐምሌ ወዲህ ዛሬ ገና ጠግቦ በላ። "ገላገሉኝ" አለ።

ከምሳ በኋላ በር ተንኳኳ። ማነው ሳይል ራሱ ተነስቶ ከፈተ።