በወንፊቱ ላይ የቀረውን ንብረትዎን ስለ መመለስ

ለተከበሩ የባሕር ዳርቻ ጽዳትና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ በተለይም የጉልበት ጤናን ከልብ እመኛለሁ። ጉልበትን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል። የእኔን ደኅንነት ከጠየቁ፣ ከድካም በቀር ምንም የለብኝም።

በቤቴ በር ላይ ያስለጠፉት ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ዝናብ እንዳያገኘው በማሰብ በፕላስቲክ አስለብጠው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። “ከባሕር ዳርቻው ማናቸውንም ነገር አንሥቶ ወደ ግል ቤት መውሰድ ፈጽሞ ክልክል ስለሆነ፣ የወሰዱትን በአስቸኳይ እንዲመልሱ” ይላል። ወንጀለኛዋ እኔ፣ በሰፈሩ በልብስ ሰፊነት የምታወቀው ሴት ነኝ። የተሰረቀው ንብረት ደግሞ አንድ ሳፋ አሸዋ ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ እኔ ከዳቦም ወርጄ አሸዋ ላይ መያዜ በእውነቱ አሳፍሮኛል።

ወደ ስርቆት እንዴት እንደገባሁ ልናዘዝ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ከክኒኑ ሁሉ ይበልጥ የሚያስታግስላት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ባሞቀው አሸዋ ውስጥ እግሯን እስከ ጉልበቷ ቀብራ መቀመጥ ነው። እኔ እቆፍራለሁ፣ እሷ እግሯን ትዘረጋለች፣ ከዚያ እንደ ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ። ዓይኗ ስለ ደከመ ባሕሩን አታየውም፤ አሸዋውን በጣቶቿ እያፈሰሰች የሰፈሩን ሐሜት ታወራኛለች። አንድ ቀን ግን ወሬዋን አቋርጣ፣ “ልጄ፣ ይሄ ምንድነው? አሸዋ እኮ እንዲህ አይልም” አለችኝ። መዳፏን ስትከፍተው ሰማያዊ፣ ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ነበር። ቤት ገብተን ባቷ ላይ የተጣበቀውን በፎጣ ብፈትገው ቆዳዋ ቀላ እንጂ እሱ አልለቀቀም። ያን ጊዜ ነው ሞኝነቴ ይዞኝ ለጽሕፈት ቤትዎ አቤት ያልኩት።

አቤቱታዬ ሰሚ አጣ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። በተከታታይ የተደረገልኝን ሳልዘረዝር ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ።

፩ኛ፦ ግዙፉን የማጽጃ መኪና ስላመጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በየማለዳው እየመጣ የተጣለውን የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ በጥርሱ ይቆረጥመዋል፣ ይሰባብረዋል፣ ከዚያም ከአሸዋው ጋር ደባልቆ ይቀብረዋል። ድሮ አንዱን ፕላስቲክ ጎንበስ ብለን እናነሣው ነበር፤ ዛሬ ያው አንዱ ሺህ ሆኖ ስለሚጠብቀን ማንም ጎንበስ ማለት አላስፈለገውም። ከሩቅ ሲያዩት ዳርቻው ንጹሕ ነው። ጽሕፈት ቤትዎም ከሩቅ ነው።

፪ኛ፦ “አሸዋው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ እግር ላይ ይጣበቃል” ብዬ መጻፌን በጥሞና ተመልክተው፣ እግራችን አሸዋ እንዳይነካ ከመንገዱ እስከ ውሃው ድረስ አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ሣር አስነጥፈውልናል። ስለ ፕላስቲክ ላመለከተ ሰው ፕላስቲክ ማንጠፍ ለተራ አእምሮ የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። ፀሐዩ ሣሩን ካደረቀው በኋላ በየእርምጃው እየረገፈ ነው፤ እናቴም አሁን ከሰማያዊውና ከቀዩ በተጨማሪ አረንጓዴም አግኝታለች። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለውን መንገድ በምንጣፍ ሲሠሩት ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

፫ኛ፦ “ዳርቻችንን ከፕላስቲክ እንጠብቅ” የሚለው ያስተከሉልን የፕላስቲክ ሰሌዳም ተሰንጥቆ መርገፍ ጀምሯል።

ከዚህ በኋላ እናቴ፣ “በቃኝ፣ አትድከሚ” ብላ መውረድ ተወች። እሷ በቃኝ ስትል ሕመሙ እንደባሰባት አውቃለሁ፤ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ድምፅዋን እንዳልሰማ ከንፈሯን ትነክሳለችና። ስለዚህ ሳፋዬን ይዤ ወረድኩ። አሸዋውን ዱቄት በምነፋበት ወንፊት ደጋግሜ ነፋሁት፤ ሰገነት ላይ አስጥቼ ካሞቅሁት በኋላ እግሯን ቀበርኩላት። ከወንፊቱ ያመለጠ ደቃቅ እንዳለበት አልጠፋኝም። የምችለው ግን ያን ያህል ነው። ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ።

ለሁለተኛ ዙር ስወርድ የያዘኝ ዘበኛዎ ደግ ሰው ነው፤ እባክዎ ደመወዝ ይጨምሩለት። ሳፋዬን እያየ አንገቱን ደፍቶ፣ “እህቴ፣ ምን ላድርግሽ? ፕላስቲክ ጥለሽ ብትሄጂ እኮ አላየሁም እል ነበር። ማንሣት ነው የተከለከለው” አለኝ። ከኋላው መኪናዎ እየሰባበረ ያልፍ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ በዚህ ጉዳይ ዳውላዋ እኔ መሆኔን በትሕትና ተቀብያለሁ።

ሕግ አክባሪ ነኝና ትእዛዝዎን ፈጽሜአለሁ። ማስጠንቀቂያው “ማናቸውንም ነገር” ስለሚል፣ በወንፊቱ ላይ የቀረውን ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ንብረትዎን አንድም ሳላስቀር በጠርሙስ ሞልቼ ዛሬ ጠዋት ለጸሐፊዎ አስረክቤአለሁ። ይኸኛው በእርግጥ የእርስዎ ነው።

አሸዋውን ግን አልመልስም። አሁን እናቴ እግር ላይ ነው። ሰው ልከው ሊያስወስዱት ይችላሉ፤ በሩ ክፍት ነው። ብቻ የሚልኳቸው ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲገቡና ከጉልበቷ ላይ ቀስ ብለው እንዲያነሡት ይንገሩልኝ። ሙቀቱ ሲሰማት እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ከተኛችም ቆይታለች።

ለዳርቻችን ያደረጉት ሁሉ ከአሸዋው ሳይወጣ ለልጅ ልጆቻችን እንደሚደርስ በመተማመን፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ትእዛዝዎም ከመሬት ምንም ሳላነሣ ቀና እያልኩ እጅ እነሣለሁ።

የዘወትር ባለ አቤቱታዎ፣
አሸዋ ሰራቂዋ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ጠርሙሱ የብርጭቆ ነው፤ እናቴ ስኳር የምታስቀምጥበት ስለሆነ ባዶውን ለዘበኛው እንዲሰጡልኝ እለምናለሁ። ውስጡ ያለውን የት እንደሚደፉት ለመምከር አልደፍርም፤ ቦታውን ከእኔ ይልቅ ጽሕፈት ቤትዎ ያውቀዋል።